ሰሌዳው ላይ የጻፍኳት ዝንብ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱቁን ሳልከፍት

ለልጄ አባት፣ ርቆ ለሄደው ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ከወንዝ ስመለስ ጉልበቴ ይነጫነጫል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ስለ ወንዙ ዝንብ ለጠየቅኩህ መልስህ ደርሶኛል። «ከትልቁ ክንፏ ኋላ ጥፍር የማታክል ትንሽ ክንፍ ካለች፣ ጭራዋም ሁለት ከሆነ፣ ያቺው ወይራ መልኳ ናት» ብለሃል። እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዝንቧ ጭራ ሳይቀር ተርከህልኝ ስለ ራስህ ግን አንዲት ቃል የለችም። ሳልህ ተሻለህ? ደህና ትበላለህ? ወይስ የአንተ ጤና ከዝንብ ያነሰ ወሬ ነው?

እዚህ ወንዙ ጠርቷል፤ ውሃውም ለብ ማለት ጀምሯል። ጠዋት ጠዋት አንተ ታደርግ እንደነበረው ድንጋይ እየገለበጥኩ ሥሩ የተጣበቁትን እጮች አያለሁ። ጀርባቸው ላይ ያለው የክንፍ ከረጢት ከጠቆረ በዚያው ቀን ክንፍ አውጥተው ይነሳሉ። ከዚያ ተመልሼ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ የዕለቷን ዝንብ ስም እጽፋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹም ያቺን አስመስዬ ከላባና ከክር መንጠቆ ላይ የሠራኋትን ገዝተው ትራውት የሚሉትን ዓሣ ፍለጋ ይወርዳሉ።

ባለፈው ሳምንት ግን ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። ውሃው ላይ የምትነሳው ትንሿ ወይራ መልክ መሆኗን እያየሁ ሰሌዳው ላይ ትልቋን፣ ክንፏ ዝንጉርጉር የሆነውን ባለ ሦስት ጭራ ጻፍኩ። ወቅቷ ገና ነው፤ አንድም ትራውት ዞር ብሎ አያያትም። ሐሳቤ ደንበኞቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ «ኧረ ሰውዬው ይምጣልን» ብለው እንዲያማርሩ ነበር። እኔም ምሬታቸውን ሰብስቤ ልልክልህ።

እንዳሰብኩትም ባዶ እጃቸውን እያጉረመረሙ ተመለሱ። ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ብቻ ቅርጫቱን ሞልቶ መጣ።

«አንተ ደግሞ በምን ያዝክ?» አልኩት።

«ሰሌዳሽን መች አመንኩና። ውሃው ላይ ያሉት ትንንሽ፣ ባለ ሁለት ጭራ ናቸው። አምና ከአንቺው የገዛኋትን አሰርኩ» አለና መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «አንቺ እንዲህ ተሳስተሽ አታውቂም። ምን ሆነሽ ነው?»

«ናፍቆኝ ነው» አልኩት። ከአፌ አመለጠኝ።

ማን እንደናፈቀኝ እንኳን አልጠየቀም። «ታዲያ እኛን ጦማችንን ከምታሳድሪን ለሱ አትነግሪውም?» አለኝ።

ይኸው እየነገርኩህ ነው። ልጃችን ደውላ የምትሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ቋሚ ሥራ እንደሰጠህ፣ በቅርቡም ልትፈርም እንደሆነ ነገረችኝ። ለአንድ የዓሣ ወቅት ብለህ ነበር የሄድከው። ወቅቱ ሲያልቅ በስልክ «ሱቁን አንቺ ችለሽዋል፤ እኔ እዚያ መጥቼ ምን እሠራለሁ?» ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝንብ መለየት ጠፋኝ። ጭራዋ ሁለት ነው ሦስት? ክንፏ ደብዛዛ ነው ወይስ እንደ መስታወት የጠራ? እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ መልሱን እያወቅኩ ነው። አንድም ቀን አልጠረጠርክም። ወንዱ ዝንብ ዓይኑ እንዲያ ትልቅ የሆነው ከላዩ የምትበረውን ሴት ለማየት ነው ብለህ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። እግዜር ለአንተም ከዚያ ዓይን ትንሽ ቢያካፍልህ ምን ነበረበት?

የሚፈልግህ ሰው ካለ ትመጣለህ ብዬ ነበር ያልቻልኩ የመሰልኩት። አሁን ግን ልትፈርም ነውና እውነቱን ስማ። ድንጋዩን እገለብጣለሁ፣ ዝንቡን እለያለሁ፣ ላባውንም ከአንተ አሳምሬ አስራለሁ። ሱቁ ያላንተ ይሄዳል። እኔ ነኝ መሄድ ያቃተኝ። በሩን ዘግቼ ወደ ጓዳ ስገባ የማወራው ሰው የለኝም፤ አልጋው ላይ የአንተን ጎን እስከዛሬ አልተኛሁበትም። በጣም ናፍቀኸኛል። ይህን በስልክ ልልህ ብዬ ስንት ጊዜ ስለ ዝንብ አወራሁ።

ስለዚህ ወረቀቱን አትፈርም። እዚህም የሚጠብቅህ ሥራ የለም፤ ሥራ ፈት ሆነህ ና።

ጤናህን ይስጥህ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ በሰላም ቤትህ ያግባህ።

ባለቤትህ