ካላቃጠለ አያድንም

ሰኞ

ገምጋሚዋ አጠገቤ ቆማ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታለች፣ እኔ እንደ ጀማሪ እፈተናለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነርስ ሆኜ። የቁስል እንክብካቤ ስልጠናውን ከወሰድን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ እሷ ደግሞ እጃችን ላይ ለውጥ መምጣቱን ልታይ ከወልቂጤ ቡታጅራ ድረስ መጥታለች።

የደረሱኝ ሐጂ ሱሩር ናቸው። የመስቃን ገበሬ፣ ስኳር አለባቸው፣ የግራ እግራቸው ቁስል አልድን ብሏል። እጄን ታጠብኩ። ጓንት። በጨው ውኃው በሳላይን ቀስ አድርጌ አጠብኩ። ቁስሉን በእርጥብ ጎዝ ሸፈንኩት። ልክ እንደተማርነው።

ሐጂ እጄን ሲያዩ ቆዩና፣ «ሲስተር፣ ያንን የሚፈላውን ዛሬ ረሳሽው እንዴ?» አሉኝ።

እስክሪብቶው ቆመ። የሚፈላው ያ አረፋ የሚያወጣው መድኃኒት ነው፤ አዲሱን ሥጋ ስለሚገድል ቁስል ላይ አታፍስሱት የተባልነው። ፈተናው ላይ በትክክል መልሻለሁ፣ እጄ ግን የለመደውን አልተወም፣ እስከ ትናንት ሳፈሰው ነበር። «ከሌላ ነርስ ጋር ተምታቶባቸው ነው» አልኳት ገምጋሚዋን። ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። በዚህ ዕድሜያቸው ዋሾ አደረግኳቸው።

ማክሰኞ

የነርሶች ኃላፊዋ፣ ማትሮኗ፣ ደስ ብሏታል። በግምገማው ከክፍላችን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ አሉ። ወገቤ፣ እግሬ፣ ሁሉም ደክሞኛል። ዶክተሩ የሐጂን እግር አይቶ፣ እስከ ዓርብ ካልተሻለ ይቆረጣል አለ።

ረቡዕ

ፋሻውን ስፈታ የቁስሉ ጠርዝ ነጭ ሆኗል። በሳላይን ነው ያጠብኩት፣ ምን መጣ? ትራሳቸው ሥር የዚያ የሚፈላው መድኃኒት ጠርሙስ አገኘሁ። የምታስታምማቸው ልጃቸው ሙኒራ ከፋርማሲ ገዝታ፣ እኔ ዞር ስል እየፈታች ታፈስበታለች።

ልቆጣት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ራስሽ አይደለሽ ካላቃጠለ አያድንም ያልሽን? ሰኞ ለአባባ ውኃ ብቻ ስታደርጊለት መድኃኒቱ አልቆባችሁ ነው ብዬ ገዛሁ።»

እውነቷን ነው። ለስንቱ ብዬዋለሁ። በሽተኛ ሲጮህብኝ ማጽናኛ ይመስለኝ ነበር። ጠርሙሱን ወሰድኩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ገባት አልገባት እንጃ።

ሐሙስ

ገምጋሚዋ ወደ ወልቂጤ ልትሄድ ስትል በር ላይ ደረስኩባት። ሰኞ ዋሽቼሽ ነበር ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ቅጹ ላይ የምሞላው ያየሁትን ነው፣ ያየሁት ደግሞ ጥሩ ነው» አለች። እኔን ያመመኝስ ያየችው ብቻ ጥሩ መሆኑ አይደል።

ትንሽ አሰበችና፣ «ስንቶቻችሁ ናችሁ እንዲህ?» አለችኝ። የማውቀው የራሴን ነው አልኳት። ወረቀቱን ገልብጣ የነገርኳትን ጀርባው ላይ ጻፈች። ማትሮኗ ስትሰማ ታኮርፈኛለች። ታኩርፍ።

ዓርብ

በቁስሉ ጠርዝ ላይ አዲስ ሥጋ ትንሽ ቀላ ብሏል። ትንሽ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየውና አንድ ሳምንት እንጠብቅ አለ። አልተቆረጠም፣ አልዳነምም። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ለሐጂ ነገርኳቸው። የሚያቃጥለው ይጎዳዎት ነበር፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ሰኞም የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም አልኳቸው። ሙኒራ መሬት መሬቱን ታያለች። ሐጂ ቁስላቸውን አዩ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን ጥርሴን ነክሼ የቻልኩት በከንቱ ነዋ?»

«አዎ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኔ አስጠጉት። «በይ እሰሪው» አሉኝ።