«ለሌላ ጊዜ» ያልኳት ካርድ

ቦንጋ፣ ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናት ላሳደገችኝ ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ የስፌት መኪናውን መርገጥ ቻለ ወይስ አሁንም በአንድ እግርሽ ነው የምትሰፊው? ልጆቹስ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ከጤና ወዲያ ያለውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ባለፈው ጋቢ ልላክልሽ ወይ ብለሽኝ ነበር፤ አትልፊ። ቦንጋ ዝናቡ ነው እንጂ ብርዱ እንደ ደብረ ብርሃን አይደለም፤ ያለኝ ብርድ ልብስ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እንዳትደነግጪ። በዚህ ሳምንት ሱቅሽ መጥቶ ስለ ስልክ ቁጥር የጠየቀሽ ሰው አለ? መታወቂያሽን አሳዪ ያለሽስ? ከሌለ ተመስገን። ካለም ይህን ደብዳቤ እስክትጨርሺ ምንም ቃል አትስጪ። ለምን እንዳልደወልኩልሽም ያኔ ይገባሻል። ደብዳቤውን ያመጣልሽ አብሮኝ ያስተምር የነበረው ሐዲስ ነው፤ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው።

ማስተማሩን ትቼ ስታርታፕ የሚሉት ጀማሪ ድርጅት ገባሁ ያልኩሽ ጊዜ፣ ታዲያ ምን ልትሸጪ ነው ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። በደንብ አላስረዳሁሽም። ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነን። ሐሳቡ የደምመላሽ ነው፤ የቦንጋ ልጅ ነው፣ አፉ ይጣፍጣል። ኮምፒውተሩ የሰላሐዲን ነው። እኔ ፕሮዳክት ማኔጀር ነኝ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ገበሬው ምን እንደቸገረው ሄዶ መጠየቅ፣ የሰሙትን በትንንሽ ካርድ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ከዚያ የትኛው አሁን እንደሚሠራ፣ የትኛው «ለሌላ ጊዜ» እንደሚቀር መወሰን ነው። ወሳኟ እኔ ነኝ። ይህን ያዢልኝ።

እዚህ ሰው ከጫካ ቀይ እሸት ቡና ለቅሞ ተሸክሞ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። እሸቱን የሚረከበው የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ዝግ ሆኖ ከጠበቀው እሸቱ ጆንያ ውስጥ ይሞቅና ይበላሻል፤ የቀኑ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። እኛ ታዲያ ማለዳ ለመፈልፈያው ዘበኛ እንደውላለን፤ ክፍት ነው ካለን ለገበሬዎቹ ሁሉ አጭር መልእክት እንልካለን። አንዲት ሲም ላፕቶፑ ላይ ሰክተናል፣ ከሷ ነው የሚሄደው። ቀላል ነገር አይመስልም? ለኔም መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ደንበኛችን ጋሽ ጉግሳ ናቸው፤ የማንኪራ መንደር ሰው፣ ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። ቤታቸው ሄጄ ግማሽ ቀን ስጠይቃቸው ዋልኩ። የጫካ ማር አቀረቡልኝና፣ ልጄ ጥያቄሽ ከቡናዬ ፍሬ በዛ፣ ብይና ጠይቂ አሉኝ። ስለ ስልካቸው ስጠይቅ ሰፈሩ መብራት እንደሌለው ነገሩኝ። በገበያ ዋዜማ ማታ ተሾመች የምትባል ጎረቤታቸው የአሥራ አምስት ቤት ስልክ በዘንቢል ትሰበስባለች፤ በማግስቱ ቦንጋ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ስልኮቹ እንደተዘጉ ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ሲደረጉ ይውላሉ። መሽቶ ትመለስና ጠዋት ለየባለቤቱ ታድላለች። ኔትወርክ ያለባት ጉብታ ላይ ወጥተው ይከፍቷቸዋል፤ ያደረው መልእክት ሁሉ አንድ ላይ ይገባል። ይህን ሁሉ ጻፍኩት፣ እታለም። በራሴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ከዚያ ካርዷን «ለሌላ ጊዜ» ከሚለው ሥር ለጠፍኳት።

ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ሊያዩን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ካመኑን ገንዘብ ይሰጡናል፣ ሥራው ይሰፋል ተባለ፤ ብዙ ገበሬ መዝግበን ማሳየት ነበረብን፤ ደምመላሽ ቶሎ ቶሎ ይላል። ሰላሐዲን መልእክቱ ላይ ቀኑን እንጻፍ ብሎኝ ነበር። እኔ በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ይረዝማል፣ አንዱ መልእክት ሁለት ይሆናል፣ «ዛሬ» የሚለው ይበቃል አልኩት። ዝግ በሆነ ቀንስ ምን እንላለን አለኝ። ዝም እንላለን፣ ዝም ካልን ዝግ ነው ማለት ነው አልኩ። በራሴ ብልጠት ኮርቼም ነበር። መጨረሻው ላይም ሰው ደስ እንዲለው ብዬ አንድ ነገር ጨመርኩ። መልእክቱ እንዲህ ይል ነበር፦ ዛሬ ክፍት ነው፣ ሁላችሁም ኑ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ስትዪ የነበረው ለኔ ነው ለካ።

ሦስት ሳምንት መፈልፈያው አንድም ቀን ሳይዘጋ ስለዋለ ምንም አልታወቀንም። ባለፈው ሳምንት በገበያው ቀን ክፍት ነበር፣ ላክን። የማንኪራ ስልኮች ተሾመች ዘንቢል ውስጥ ነበሩ። በማግስቱ ማሽኑ ተሰበረና ዝግ ሆነ፤ እኛ እንደ ደንባችን ዝም አልን። እነሱ ጉብታው ላይ ስልካቸውን ሲከፍቱ የትናንቱ «ዛሬ» ገባላቸው። የአሥራ አምስቱ ቤት ሰው ከነሚስቱ፣ ከነልጁ፣ ያልተመዘገበውንም ጎረቤት ጠርቶ፣ እሸቱን ለቅሞ ተሸክሞ ወረደ። ከስልሳ ሰው በላይ የተዘጋ በር ፊት ቆመ።

ሰው መሰብሰብ የሚከለክለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ ወዲህ እዚህ እንዴት እንደምንኖር አልነገርኩሽም። ሦስት ሆነን ሻይ ስንጠጣ እንኳ ዞር ዞር ብለን እናያለን። ገበሬዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩ ላይ ጠበቁ። እሸቱ መሞቅ ሲጀምር ጥቂቶቹ በሩን ነቀነቁት። ዘበኛው ፈርቶ ደወለ፣ የጸጥታ ሰዎች መጡ። ይህን ሁሉ ሰው ማን ጠራው ተባለ። ጋሽ ጉግሳ ከፊት ነበሩ፤ ምንም የሚደበቅ ነገር አልመሰላቸውምና ስልካቸውን አውጥተው አሳዩ። ሁላችሁም ኑ ይላል። ሌላውን በትነው እሳቸውን ወሰዷቸው።

ተሾመች እያለቀሰች ቢሯችን ድረስ መጥታ ነገረችኝ። ማን ነው የጻፈልዎ ተብለው ሲጠየቁ፣ ቤቴ ገብቶ ማሬን የበላ ሰው ስም አልጠራም ብለዋል አሉ። ከታሰሩ ይኸው ስድስት ቀናቸው። ሲሚንቶ ላይ ነው የሚተኙት፤ ሳላቸው ከውጭ ድረስ ይሰማል አለችኝ።

ጋሽ ጉግሳ በተያዙ ማግስት የጸጥታ ሰዎቹ እኛ ዘንድ መጡ፤ ዘበኛው በየቀኑ የሚደውሉልኝ ልጆች አሉ ብሏቸው ነው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ደምመላሽ ሲማችን ከጠፋች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ማን እንደሚልክባት አናውቅም አለ። ሲሟም በኛ ስም አይደለችም፣ በማን ስም እንደወጣች ቴሌ ይጠየቅ አለ። የጠፋች ለመሆኗ ፈርሙ አሉን፣ ፈረምን። ሲሟ ያኔ ከላፕቶፑ ተነቅላ ጠረጴዛው ሥር በነበረው ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ፤ ፈርቶ ነው። እነሱ እንደወጡ ካርዶቹን ሁሉ ከግድግዳው ልጦ ጓሮ አቃጠላቸው። አንዷን፣ የተሾመችን ዘንቢል የጻፍኩባትን፣ ቀድሜ አንስቻት ነበር።

እሱ በማን ስም እንደወጣች አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ቦንጋ ስመደብ መናኸሪያው በር ላይ፣ ደርሰሽ ደውይልኝ ብለሽ በመታወቂያሽ አውጥተሽ የሰጠሽኝ ናት። ንግድ ፈቃዳችን ስላላለቀ በድርጅቱ ስም ማውጣት አልቻልንም ነበር፤ የኔዋ ትሁን ብዬ ሰካኋት። ስፈርም ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ብዕሩን ስይዝ የታየኝ የስፌት መኪናሽ ነው፤ ቢሆንም ፈረምኩ። ይህን ለቄስ ብናገረው ይሻለኝ ነበር፣ ላንቺ መጻፉ ከበደኝ።

ፈርቻለሁ፣ እታለም። ሞተር ሲያልፍ መብራቱን አጠፋለሁ፤ ስልክም ይጠለፋል ብዬ ነው ያልደወልኩልሽ። ወደ ደብረ ብርሃን ልሽሽ ብዬም ሻንጣዬን አውጥቼ ነበር፤ ግን የምሸሸው ወደ ማን ቤት ነው? ችግሩን ቀድሜ የላክሁት ወዳንቺው ቤት ነው። የፈሩት ይደርሳል እንደሚሉት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ያንቺ ነገር ነው። አውቅሻለሁ። የአባባን ሬዲዮ ከመደርደሪያ የጣልኩት እኔ ነበርኩ። አባባ ማን ነው የሰበረው ብለው ሳይጨርሱ፣ እኔ ነኝ አልሽ፤ ቀበቶውን አንቺ ቀመስሽ፣ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ዝም አልኩ። የትምህርት ቤት መስኮቱም፣ የእትዬ ዘነበች ዶሮም እንደዚያው ሆነ። አሁንም መጥተው ይቺ ቁጥር የማን ናት ሲሉሽ፣ የኔ ናት፣ የላክሁትም እኔ ነኝ እንዳትያቸው። ስለ ቡናም ስለ ማንኪራም የምታውቂው የለም። በአባባ አጥንት ይዤሻለሁ፣ እንዳትያቸው። ለእህቴ ነው የሰጠኋት፣ እህቴ ቦንጋ ናት በያቸው። ስሜን ንገሪያቸው። አንድ ሽማግሌ ስሜን ላለመጥራት ስድስት ቀን ታስረው አይበቃም?

ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። ሲሟንና ካርዷን ይዤ፣ የፈረምኩት ውሸት ነው፣ ጻፊዋም ወሳኟም እኔ ነኝ፣ ሽማግሌውን ልቀቁ ልላቸው ነው። ካርዷን ካዩ ሰው ለመሰብሰብ ሳይሆን በስህተት እንደተላከ ይገባቸው ይሆናል፤ ላይገባቸውም ይችላል። ደምመላሽ እብድ ነሽ ብሎ ካኮረፈኝ ሁለት ቀኑ ነው። ሰላሐዲን አብሬሽ እሄዳለሁ ብሏል፤ እስከ በሩ ይሁን እስከ ውስጥ አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ የማርያም ምሕረት ከቤትሽ አይለይ። መርፌሽ አይሰበር፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ስልክ ባልደውል አትቀየሚኝ። አይዞሽ፣ እኔም አይዞኝ እላለሁ።

ያን ጋቢ ግን ላኪልኝ። ሐዲስ ሲመለስ ይዞልኝ ይምጣ፤ የት እንደሚያደርሰው ሰላሐዲን ይነግረዋል።

ሁልጊዜ ከበሩ ኋላ የነበረችው
ታናሽ እህትሽ