«እቴ ነይ» የሚሉት ልጆች

ለእህት ዓለሜ ለድንቡሼ፤

እንደምን ከረምሽ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? የእማዬ ወገብ፣ የአባዬ ዓይንስ እንዴት ሆነ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ፤ ከእግሬ እብጠትና ከአንቺ ዝምታ በቀር የሚያመኝ የለም።

በደወልኩ ቁጥር እማዬ «ተኝታለች» ትለኛለች፤ ያውም በቀትር። አራት ወር ሙሉ የምትተኛ ልጅ አላውቅም። የተኮራረፍነው «ድምፅሽ ከጓዳ አያልፍም፣ ዘፈኑን ተይና ትምህርትሽን ያዢ» ካልኩሽ ቀን ጀምሮ እንደሆነ አልጠፋኝም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ፤ ደብዳቤን ተኝታለች ብሎ የሚመልስ የለም።

አሁን የምነግርሽ ያስቅሻል፤ ሳቂ፣ ግድ የለም። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ የዚህ አገር ዘፋኞች ፎቶ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌአለሁ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ትልቋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጊታር ትጫወታለች፤ ወንድሟ ኪቦርድ ላይ ነው፤ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ትንሿ ደግሞ ከበሮው ጀርባ ቁጭ ስትል ከግንባሯ በቀር አትታይም። እኔ ሦስቱ ጉልቻ ብያቸዋለሁ። ከሥራ ስገባ «እንደምን ዋላችሁ» እላቸዋለሁ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ኩባያ ባለበት ክፍል ሌላ የምለው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የሰማኋቸው የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ አንሶላ ስተኩስ ነው። ሬዲዮኑ «እቴ ነይ፣ እቴ ነይ» ሲል ካውያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። በእኛ ቋንቋ የዘፈኑ መስሎኝ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ አንሶላውም ተቃጠለ። አንሶላ የምታጥፈው ባልደረባዬ ሮጣ ካውያውን አነሳችና ምን ነካሽ አለችኝ። ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ለካ በነሱ ቋንቋ «ጃንጥላው የት አለ» ማለት ኖሯል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጃንጥላ አልሰማበትም።

ባለፈው እሑድ አደባባይ ላይ ሲዘፍኑ ብቻዬን ሄድኩ። ጥበቃው ልጄን ልወስድ የመጣሁ መስሎት ወላጆች የሚቆሙበትን አሳየኝ። እኔም እዚያው ቆምኩ። እቴ ነይ ላይ ሲደርሱ ትንሿ ተራዋን ሳትጠብቅ ቀድማ ገባች። አንቺን ነው ያየሁት። መጥረጊያውን እንደ ማይክ ይዘን ስንዘፍን ሁልጊዜ ቀድመሽኝ ትገቢ ነበር፤ እኔም እቆነጥጥሽ ነበር። ትልቋ ግን አልተቆጣችም። ዞር ብላ ሳቀችላትና የራሷን ስንኝ ትታ ትንሿ ከጀመረችበት አብራት ገባች። ከሕዝቡ ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን አየሁ፤ አፈርኩም።

ድምፅሽ ከጓዳ ያልፋል፤ እኔ ጋ ደርሷል። ያን ያልኩሽ ለትምህርትሽ አስቤ አይደለም። እኔ እዚህ አንሶላ ስተኩስ አንቺ ከሌላ ሰው ጋር ስትዘፍኚ ታይቶኝ ቀንቼ ነው። ይቅር በይኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ በእኔና በአንቺ መሀል ቆማ መዋሸቷ ይብቃት። አባዬን መነጽሩን ኪሱ ሳይሆን ዓይኑ ላይ ያድርግ በይልኝ። ታላቅ ወንድማችንን ጋሼን እንደናፈቀኝ ንገሪው፣ እንዳይኮራ ግን ቀስ ብለሽ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን እትዬንም ሰላም በይልኝ።

ደብዳቤው እስኪደርስሽ ጠብቄ እሑድ ኅዳር 30 ከቀትር በኋላ እደውላለሁ። ሰላምታው ይቅር፤ ስልኩን አንሺና ዘፈናችንን እንደ ልማድሽ ከእኔ ቀድመሽ ጀምሪው። ከጀመርሽበት እገባለሁ።

እህትሽ
ከአንሶላ መተኮሻው ክፍል፣ ኅዳር 11 ቀን 2011 ዓ.ም.