ሲናር አሸነፈኝ ስላልከው መሬት

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ? እማማስ ጉልበቷ እንዴት ነው? ባለቤትህስ? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። እናንተ ግን አለመኖሬን ቶሎ ለመዳችሁት።

«መሬቱን አከራይቼ እማማን ይዤ ከተማ ልግባ» ያልከውን ሳነብ አንጀቴ አረረ። እኔ እያረምኩ ያደግኩበትን መሬት አባባ ለአንተ ሰጠህ፤ ዝም አልኩ። እማማም ከማሙሽ ጋር ልኑር አለች፤ አሁንም ዝም አልኩ። ይኸው ዛሬ የሲናር አረም አሸነፈኝ ብለህ ልትሸሽ ነው። የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አሉ።

የላክልኝን የሲናር ዘር፣ ከእርሻው መኻል የለቀምከውንና መርጫህ ከማይደርስበት ድንበር ያመጣኸውን፣ አለቃዬን ተመራማሪዋን አስፈቅጄ ችግኝ በማጠጣበት የመስታወት ቤት ውስጥ በሁለት ሳጥን አደባልቄ፣ የትኛው የት እንዳለ ምልክት እያደረግኩ ዘራሁት። አንዱን ሳጥን የአረም መድኃኒት ስንረጨው የድንበሩ አለቀ፤ የመኻሉ ንቅንቅ አላለም። ባልተረጨው ሳጥን ግን ነገሩ ተገለበጠ። የድንበሩ ተመዞ ሲያድግ የመኻሉ ከጥላው ሥር ቀጭጮ ቀረ፤ ዘሩም ጥቂት ነው። ተመራማሪዋ እንዳለችኝ፣ መርዙን የሚቋቋምበትን አቅም ያገኘው ማደጊያ ጉልበቱን ከፍሎ ነው። ሁሉም አረም እንዲህ አይደለም፤ የአንተው ግን ነው።

አንተ ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ መድኃኒት፣ አልሞት ሲልህም እጥፍ አድርገህ እየረጨህ፣ ተቀናቃኙን የድንበሩን ዓይነት ገድለህ ሜዳውን ለማይሞተው ለቀቅክለት። መድኃኒቱን ተወው። ሁለት ክረምት ባቄላ ዝራና፣ በባቄላ መኻል በቀላሉ ስለሚለይ፣ ሲናሩን ዘር ሳይጥል በእጅህ ንቀለው። በአንድ ጀንበር አይጠፋም፤ እየተገፋ ግን ይሄዳል።

ተመራማሪዋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወንድምሽ ታድሎ፣ የራሱ መሬት አለው።» ሳቅሁላትና ችግኝ ወደ ማጠጣቴ ተመለስኩ። እቀናብሃለሁ፣ ማሙሽ። በመሬቱ እቀናለሁ፤ እማማ ከጓዳ ሆና አንተን በመጣራቷ እቀናለሁ። እኔን «እሷ ጠንካራ ናት፣ የትም ትኖራለች» ትሉኛላችሁ። ጠንካራ ሰው ደህና ነሽ ወይ አይባልም?

መሬቱን አታከራየው። እምቢ ካልክ ግን ለሌላ ሳይሆን ለእኔ ስጠኝ፤ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ። ባቄላውን እኔ እዘራለሁ፣ እማማም ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ ከተማህን ብቻህን ግባ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷን አልተቀየምኩም። ትንሿን ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችንን አናጢውንም እንዴት ነህ በልልኝ። የእማማን ጉልበት ሁለት ጊዜ ሳም፤ አንዱ የእኔ መሆኑን ንገራት፣ የአንተ አድርጋ እንዳትቆጥረው።

እህትህ
ከችግኝ ቤቱ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን