በወባ አልሞትክም

ታደሰ ሆዴ፣

ደብዳቤ ሁሉ በጤና ጥያቄ ይጀምራል፤ ላንተ ግን እንዲያ ብዬ መጀመር አልችልም። ቴፒ ላይ ከተለያየን ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። መቃብርህን ስለማላውቀው ይህን የምጽፍልህ ሚዛን ተፈሪ፣ እዚያው ቤታችን፣ አንተ በሠራኸው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዱ እግሩ ዛሬም ይንገዳገዳል። ችግኝ እንጂ እንጨት አይሆንልህም ነበር።

ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል። ከጓሮ የተከልካቸው ቡናዎች ቁመቴን አልፈውኛል፤ ለቀማ ሲደርስ ቅርንጫፉን ጎትቼ ነው የማወርደው። እኔ ልብስ ሰፊ ሆኛለሁ፣ የተማሪዎች ካኪ እሰፋለሁ። ማርታ ዘጠኝ ዓመቷን ያዘች። ሳቋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ከሆዷ ተነሥቶ ጎረቤት ይደርሳል። ሌላ እናት በዚህ ደስ ይላት ነበር፤ እኔን ያስፈራኛል።

ያችን የመጨረሻ ቀን ስንት ጊዜ ከልሼ እንዳየኋት አትጠይቀኝ። እህትህን ጠይቀን፣ አራት ቀን ሰንብተን፣ በማግስቱ በጭነት መኪና ልንመለስ ነበር። ለአብዮት በዓል የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሥዕል ተሰቅሏል ሲሉን ሳናይ አንሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ በዕድሜዬ ሥዕል የት አይቼ አውቃለሁ!

ማርታን አዝዬ ስዞር አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆመህ ሳቅህን ለማፈን ከንፈርህን ነክሰህ አየሁህ። የመንግሥት እርሻ ቡና ለቃሚዎች ናቸው፤ ክንዳቸው የፈረጠመ፣ ከራሳቸው በላይ ያለው ዛፍ ቀይ ፍሬና ነጭ አበባ ባንድ ላይ ያንዠረገገ። ለእኔ ዓይን ያማረ ነበር። ምን ያስቅሃል ብዬ ጠየቅሁህ። ተይኝ አልክ። እኔ ደግሞ ከያዝኩ አለቅም፣ ነዘነዝኩህ። የችግኝ ጣቢያ ሰው ስለ ቡና ተጠይቆ ዝም ማለት አይችልም፤ አበባው የየካቲት ነው፣ ፍሬው የጥቅምት፣ ሰዓሊው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዛፍ ላይ ሰቅሎታል አልከኝ። በዚህ ብታበቃ ምን ነበረበት! ዞር ስትል ሰው ተሰብስቦ ይሰማሃል። ይህን ዛፍ የሚያሳየኝ ከተገኘ ችግኙን እኔ አፈላለታለሁ፣ ኮታውም ባንድ ቀን ይሞላል ብለህ ጨመርክበት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኮርቼብህ ነበር።

ከዚያ ገበያው ዳር ካለችው የጉራጌ ሴት ቤት ገብተን ክትፎ በቆጮ በላን። ቅቤው ኮሰረት ኮሰረት ይላል። እህትህ ቤት አፍረህ የቆጠብከውን ጉርሻ ሁሉ እዚያ ጨረስክብኝ። በላዩ አናናስ አስቆረጥክ፤ ጭማቂው በክንድህ ሲወርድ ማርታ እየላሰችው ስንስቅ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ለጥቂት ጥያቄ ነው አሉህ። እጅህን እንኳ አልታጠብክም።

ጥያቄው ለእኔም ደረሰኝ። በሥዕሉ ላይ ሲያፌዝ ሰምተሻል ወይ አሉኝ። ሌላ ሥዕል እያየሁ ነበር፣ አልሰማሁም አልኩ። አጠገቤ ቆመሃል። አላየኸኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆንክልኝ። ልጅ ይዤ ምን ላድርግ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ግን ልጅቷን ያዘልኳት በጀርባዬ ነበር፣ አፌን የያዘው አልነበረም።

ሰባት ሳምንት እህትህ ቤት ተቀምጬ እስር ቤት ስንቅ አመላለስኩልህ። በስምንተኛው ሰኞ በር ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰልኝና ከእንግዲህ አታምጪ አለኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ዘመን የማያውቅ የለም። መንግሥት ለገደላችሁ ለናንተ ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ ሚዛን ስመለስ በወባ ሞተ አልኩ። ቴፒ ቆላ ነው፣ ማን ይጠረጥራል? ጎረቤቱ ሁሉ እውነቱን እያወቀ ወባን እየረገመ አለቀሰልህ። በወባ ለሞተ ማልቀስ አልተከለከለም።

ማርታ ግን አመነችኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግቢውን እየዞረች ውኃ ያቆረ ጣሳ ትገለብጣለች፣ ጉድጓድ በአፈር ትደፍናለች፣ የጎረቤት ግቢ ሳይቀር። ሰዎች ጎበዝ ልጅ ብለው ያመሰግኗታል። ባለፈው ማክሰኞ ጉንፋን ይዞኝ ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝ ግን አልጋዬ ሥር ተቀምጣ፣ የትኛውን ውኃ ረሳሁ፣ የትኛውን ረሳሁ እያለች አለቀሰች።

ልቤ ተሰበረ። ገዳዮችህ ደረታቸውን ነፍተው ይሄዳሉ፣ ልጅህ ከትንኝ ጋር ትዋጋለች። እኔ አንተን ሁለት ጊዜ ካድኩህ፤ አንዴ በነሱ ፊት፣ አንዴ በልጅህ ፊት።

አልረሳህም ማለት ምንም አይከብድም፣ ብቻዬን ሆኜ ስንት ዓመት ብዬዋለሁ። ካሁን ወዲያ ግን ብቻዬን አላስታውስህም። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከገበያ መልስ ጓሮ አስቀምጬ እነግራታለሁ። ልጅ ናት፣ ከአፏ ያመልጣት ይሆናል፤ እንግዲህ የመጣው ይምጣ። አባትሽ ስለ ቡና እውነት ተናግሮ ሞተ፣ ነዝንዤ ያናገርኩት እኔ ነኝ፣ ስጠየቅ አልሰማሁም ያልኩትም እኔው ነኝ እላታለሁ። ልትጠላኝ ትችላለች። ትጥላኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ጣሳ ስትገለብጥ ከምትኖር እኔን ብትጠላኝ ይሻላል።

ሚስትህ አልማዝ