የአባትሽ ጥንቃቄ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለትዕግስት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሕፃኑስ ወፈረልሽ? እኔ፣ ከአባትሽ ነገረ ሥራ በቀር፣ ደህና ነኝ።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ስናወራ አባትሽ አጠገቤ ጆሮውን አቁሞ ይቀመጣል፤ እሱ ወጣ ሲል ደግሞ ኔትወርኩ ይጠፋል። ባለሱቁ ሙሐመድሰዒድ ዕቃ ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በእጅሽ ይሰጥሻል።

አባትሽ ሊገድለኝ ነው። ሁለት ወር ጠብቀን፣ የጨረር ሕክምናው ሰኞ ጥቅምት 24 ይጀመራል ተብሎ ቀን ተቆርጦለት፣ አሁን «አልሄድም» ብሎ ቁጭ ብሏል። ለምን ቢሉ፣ የጉሮሮው ካንሰር ከቫይረስ የመጣ ነውና አንቺ ቤት ከርሞ ሕፃኑ ላይ እንዳያጋባ! «ፈረስ እንኳ ጉሮሮው ሲያብጥ ከመንጋው ይለያል፤ ውሃውም ለብቻው ይቀዳል» ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲያረባ ኖሮ ራሱን ፈረስ አደረገው። ከገበታ ተነስቶ ደጅ ላይ ብቻውን ይበላል። ሰው ሊስመው ሲጠጋ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይባስ ብሎ በፈረሰኞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ቫይረስ አለብኝ፣ አትጠጉኝ» አላቸው። በማግስቱ ጎረቤታችን ሽባባው መጥቶ በሹክሹክታ «አይዞሽ፣ ዛሬ እኮ መድኃኒት አለው» ብሎ አጽናናኝ። ሌላ በሽታ መስሎታል! ምን ብዬ ላስረዳው?

እጁን ይዤ ሐኪሟ ቤዛዊት ዘንድ ወሰድሁት። ረጋ ብላ አስረዳችው። ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው ላይ ሳይታወቅ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ወታደሮች፣ ነጭ የደም ሴሎች የሚባሉት፣ ጠርገው ያስወጡታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ጉሮሮ ውስጥ ተደብቆ ዓመታት ይቆይና ካንሰር ያመጣል። «ካንሰሩ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፤ በኩባያም ሆነ ሕፃን በማቀፍ የሚጋባ ነገር የለም» አለችው። ከጉሮሮው ተቆርጦ በተመረመረው ሥጋ ውስጥም እነዚያ ወታደሮች በብዛት ገብተው ተገኝተዋል፤ ጥሩ ምልክት ነው፣ እንዲህ ያለው ካንሰር ሕክምናው ሳይዘገይና ሳይቋረጥ ከተሰጠው ከሌላው ይልቅ ይድናል አለች። አባትሽ «እሺ፣ እሺ» ሲል ቆይቶ ቤት ስንደርስ ከአንቺ ዘንድ ይዞት የመጣውን ኩባያ አንስቶ ደጅ ወጣ።

ትናንት በቃኝ። ያን ኩባያ ከእጁ ነጥቄ የተረፈውን ውሃ ፊት ለፊቱ ጠጣሁት። ዘሎ ተነሳ። ኩባያውን ስገለብጠው ግርጌው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል።

«ይህን ማን ቀባው?» አልሁት።

«እኔ ነኝ፤ ከሌላው እንዳይቀላቀል ብዬ።»

አባትሽ ደርበውና የጥፍር ቀለም! «ማል» አልሁት። አልማለም። «ምን ታድርግ፣ አራስ ነበረች» አለኝ።

ልጄ፣ በነሐሴ ለምርመራ አንቺ ቤት ባረፈ ጊዜ ኩባያውን የለየሽው አንቺ ነሽ። ሕፃኑንም አላስያዝሽውም። እሱ ደግሞ እኔ እንዳላውቅብሽ አገሩን ሁሉ በፈረስ ወሬ ሲያደናግር ከረመ።

መናደዱንስ ተናድጃለሁ። ግን አልፈርድብሽም። ከአንቺ ዘንድ የተመለሰ ሰሞን፣ ቫይረስ የሚለውን ቃል ስሰማ፣ እኔም ፎጣዬን ከእሱ ፎጣ ለይቼ ሰቅያለሁ። ሦስት ቀን። አይቶ ምንም አላለኝም። ይህን ለማንም አልተናገርሁም፤ ለአንቺ ነገርሁሽ።

አሁን «ከሄድሁም አልጋ ተከራይቼ እከርማለሁ» እያለ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ምግብ የማይወርድለት ሰው፣ ብቻውን! ሳምንት ሳይሞላው ትቶት ይመጣል። ስለዚህ ቅዳሜ ጥቅምት 22 እኔው ይዤው እመጣለሁ። ደውለሽ ይቅርታ እንዳትጠይቂው፤ «ምን አድርገሽ?» ብሎ ይሸፋፍንልሻል። በር ስትከፍቺልን ሰላም ከማለትሽ በፊት ሕፃኑን አስታቅፊው። «ተይ» ይልሻል፤ እጁንም ይሰበስባል። አትስሚው። እኔ ሻንጣውን ይዤ ከኋላው እቆማለሁ፤ መሸሻ የለውም።

እግዚአብሔር ልጅሽን በጤና ያሳድግልሽ፤ አያቱንም ያቆይለት።

እናትሽ ምህረቴ