የእሜቴ የዝና ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1963 ዓ.ም.

ደግሞ መጣ፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት አቶ ከበደ። ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ አንድ ሹም መጥተው የእሜቴን ቤት ያያሉ። "የሚታይ ነገር ከሌለው የእህል መጋዘን ይሆናል" አለኝ።

የሚታይ ነገር ከሌለው! እሜቴ የዝና ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆነ። ግድግዳው ላይ የቢቸናን ገበያ በአፈርና በከሰል ሥለዋል፤ ከየሥዕሉ ሥር ታሪኩን ጽፈዋል። እኔም አገልጋያቸው ሳለሁ ፊደል የለየሁት እርሳቸው ከሚጥሉት ቁራጭ ወረቀት ነው። ይህን ሁሉ ልነግረው ነበር። አፌ ተያዘ። "እሺ" አልሁ። ሁልጊዜ "እሺ"።

የሚሠራ፦ የጣሪያው ቀዳዳ። የበሩ ማጠፊያ። ሞጣ የወንድማቸው ልጅ ዘንድ ያለውን፣ እሜቴ የሥዕሎቹን ታሪክ የጻፉበትን ደብተር ማምጣት። ደብተሩን ካሳየሁ መናገር አያስፈልገኝም።

ረቡዕ

ቁልፉን ለጎረቤቴ ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰጠሁ፤ "ወለሉን ይጥረጉልኝ" ብዬ። ወደ ሞጣ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ከጤፍ ጆንያ ጋር ተጫንሁ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ እኔ የነከስሁት ይመስል አፈጠጠብኝ።

ሐሙስ፣ ሚካኤል

ደብተሩን አይጥ በልቶታል። የወንድማቸው ልጅ ከጎተራ ሥር ጎትቶ ሽፋኑን ብቻ ሰጠኝ። "ቆዳው ደኅና ነው እኮ!" ይላል። እንግዲህ ግድግዳው ብቻ ቀረ።

ዓርብ

ቤቱ እበት እበት ይሸታል። እትዬ ጥሩወርቅና ሁለት የማኅበር ጓደኞቻቸው፣ እኔ እንደሄድሁ፣ ቤት ለበዓል እንደሚለቀለቀው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በእበት ለቅልቀውታል። ገበያው የለም። ጽሑፉ የለም።

"ሹም ሊመጣ፣ እንዲያ ተሞነጫጭሮ ቢያዩት ምን ይላሉ?" አሉ እትዬ። "ምነው፣ ደስ አላለሽም?"

እግዜር ይስጥልኝ አልኋቸው። ጠላም ቀዳሁላቸው! ራሴን በጥፊ ብመታው በወደድሁ።

አንድ ጥግ በእርጥብ ጨርቅ ሞከርሁ። ቀለሙም አብሮ መጣ። ተውሁት።

ቅዳሜ

ፀሐይ ይግባ ብዬ በርና መስኮቱን ከፈትሁ። ሹሙ ከአቶ ከበደ ጋር ገቡ፤ ዙሪያውን አዩ። "ንጹሕ ነው" አሉ።

"ለመጋዘን ይስማማል" አለ አቶ ከበደ።

ያኔ እንጀራ የሚያህል የደረቀ እበት ተላቅቆ ሹሙ ጫማ ላይ ወደቀ። ከሥሩ የበቅሎ ዓይን አፍጥጦ ያየናል።

እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ሆነው ጓደኞቻቸውን ይሰድባሉ፦ "ሰነፎች! መጀመሪያ ጫሩት አላልኋችሁም? ልስልስ ግድግዳ ሳይጫር እበት ይዞ ያውቃል?"

እሜቴ ከመሣላቸው በፊት ግድግዳውን በድንጋይ ፈግፍገው እንደ እንቁላል ያለሰልሱት ነበር። ያልጫሩት እጆች ይባረኩ!

"ምንድን ነው ይህ?" አሉ ሹሙ።

አፌ ተፈታ። በጣቴ እየላጥሁ አወራሁ፤ በቅሎዋ የማን እንደነበረች፣ ጨው ሻጯ ለምን እንደምትስቅ። ጽሑፉን አነበብሁላቸው። የጨው ሻጯ እጅ ከእበቱ ጋር ተልጦ ቀርቷል፤ እንግዲህ ማን ይመልሰዋል? ሹሙ ኮታቸውን አውልቀው አብረውኝ መላጥ ጀመሩ። አቶ ከበደ ሰዓቱን ያያል።

"እናየዋለን" ብለው ሄዱ። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። መጋዘን ግን አላሉም።

ኋላ እትዬ ጥሩወርቅ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። "አሳፈርንሽ፣ እቴ። ሰኞ በደንብ ጭረን እንለቀልቅልሻለን።"

"እምቢ" አልሁ። ለታላቅ ሰው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ይህን የምጽፈው ቁልፉን አንገቴ ላይ አሥሬ ነው።